የቀጨሞ ቀጠሮ

ሀዲያ ኑርዬ ሐይቅ ከተማ ተወልዳ፣ ደሴ ተምራ፣ እዚያው ደሴ ሥራ ያገኘች ሴት ናት። መሥሪያ ቤቷ አነስተኛ የአገር ውስጥ ድርጅት ነበር። ገንዘቡ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፤ ምርጫ እንዲጠናከር፣ የተመረጠም ሰው ለመረጠው ሕዝብ መልስ መስጠት እንዲለምድ ተብሎ የሚላክ ርዳታ። በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማ ሀዲያ ከአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ መንደሮች ጀምራ እስከ አምባሰል ግርጌ እየዞረች የምርጫ ካርድ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ድምፅ ለምን በምስጢር እንደሚሰጥ አስተማረች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጦርነቱ አልፎ ሰው የፈረሰውን ጠጋግኖ ቤቱ ሲገባ ድርጅቱም ተመለሰና ሌላ ሥራ ጀመረ፤ በየቀበሌው ሕዝቡና ባለሥልጣኑ ፊት ለፊት የሚገናኙበት መድረክ።

አብሯት የሚዞረው ውበቱ የሚባል የውጫሌ ልጅ ነበር። አባቱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ውበቱ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። እሷ መድረኩን ትመራለች፤ እሱ የተጠየቀውንና የተመለሰውን ትልቅ ወረቀት ላይ ይጽፍና ማንበብ ለማይችለው ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። አንድ ደንብ ነበራቸው። ጠያቂው እንደተቀመጠ መጠየቅ ይችላል፣ መላሹ ግን ቆሞ ይመልሳል። ደንቡን ያወጣው ውበቱ ነው። ባለሥልጣኖቹ መጀመሪያ እንደ ንቀት ቆጠሩትና ተኮሳተሩ። እየዋለ እያደረ ለመዱት። አንዳንዱ እንዲያውም ገና ከመኪና ሲወርድ “የት ጋ ነው የምቆመው?” ማለት ጀምሮ ነበር።

ሀዲያና ውበቱ ስለ ራሳቸው አውርተው አያውቁም። መንገድ ላይ የሚያወሩት ስለ ሰዎቹ ነው፤ ስለ ጠየቁት፣ ስለ ተመለሰላቸው፣ ደግሞ ሊጠይቁ ተነስተው አፍረው ስለ ተቀመጡት። ከአምባሰል ሲመለሱ፣ ሐይቁ ከሩቅ ብቅ የሚልበት ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ ግን ሾፌሩ ሳይነገረው መኪናውን ያቆማል። ሁለቱ ወርደው ውሃውን ያያሉ። ምንም አይባባሉም። ትንሽ ቆይተው ይገባሉ፤ መኪናውም ይሄዳል።

ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብቶ መኖር አዲስ ነገር አይደለም። በሀዲያም በውበቱም ዘመዶች መካከል አለ። ቢሆንም አንዱ ሃይማኖቱን መተው ይኖርበታል፤ እሷ ሰላቷን የማትተው፣ እሱ ጾሙን የማይገድፍ ሰው ነበሩ፤ ይህን ሌላው እንዲያደርግለት የሚጠይቅ ልብ ደግሞ አንዳቸውም አልነበራቸውም። ስለዚህ ዝም ብለው አብረው ሠሩ።

የመጨረሻው መድረካቸው ቀጨሞ ላይ ነበር፤ በ2017 ታኅሣሥ። ቀጨሞ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ አምባሰል ተራራ ሥር ያለች መንደር ናት። በጦርነቱ የተዘረፈው ጤና ኬላዋ ታድሶ፣ ቆርቆሮው ተቀይሮ፣ ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው፤ የሚሠራበት ሰው የለም። የዚያን ቀን የመጡት የወረዳው የጤና ኃላፊ አቶ ሽታው ነበሩ። ጠያቂዋ ለተብርሃን የምትባል ሴት ናት፤ ሃምሳዎቹን የተሻገረች፣ ጥቁር የለበሰች። ከጦርነቱ ወዲህ ጥቁር ያልለበሰ ቤት ስለሌለ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

“ጤና ኬላው ታድሷል፤ ቀለሙም አምሯል። እግዜር ይስጥልን። የሚከፍተው ሰው መቼ ነው የሚመጣው?” አለች።

አቶ ሽታው ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ዛሬ ብነግራችሁ ግምት ነው የሚሆነው። ጥምቀት ባለፈ በቅዳሜው ራሴ እመጣለሁ፣ መልሱንም እዚሁ እነግራችኋለሁ” አሉ። ውበቱ ጻፈው፤ ጮክ ብሎም አነበበው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሸህ ባድሩ የሚባሉት የመንደሩ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ መድረኩም ተበተነ።

ጥምቀት አለፈ። ዓርብ ዕለት፣ ለቅዳሜው መኪና እያዘጋጁ ሳለ፣ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም አዳራሽ ጠሩና ከስልካቸው አነበቡላቸው። ርዳታውን የሚሰጠው መንግሥት ገንዘቡን አቁሟል። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ በፕሮጀክቱ ስም ስብሰባ መጥራት፣ የፕሮጀክቱን መኪና ማንቀሳቀስ ክልክል ነው።

“ነገ ቀጨሞ ቀጠሮ አለብን” አለች ሀዲያ።

“የለብንም” አሉ ሥራ አስኪያጁ። በቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ዓይናቸው ቀልቷል። “ለጊዜው ነው ይላሉ። ሲከፈት ይቅርታ ጠይቀን እንቀጥላለን።”

ቀጨሞ በዚያ ሰሞን የስልክ አውታር አልነበረም። ለመንደሩ መልእክት የሚያደርስ ሰው ፈለጉ፤ መንገዱ ተዘግቷል ተባለና የሚሄድ ጠፋ። ለጊዜው የተባለውም እየረዘመ ሄዶ የቢሮው ወንበርና ጠረጴዛ ተሸጠ፤ ሠራተኛውም ተበተነ።

ውበቱ ጥቂት ወራት ሥራ ፈልጎ ሲያጣ አዲስ አበባ የአጎቱ ልጅ ወዳለው የሴራሚክ መጋዘን ሄደ። የሄደ ዕለት ሚኒባሱ ሐይቅ ከተማ ላይ ተሳፋሪ ሊጭን ቆመ፤ ሀዲያ እዚያ ጠበቀችው። ወረደና አጠገቧ ቆመ። ባጃጆች እየጮኹ ያልፋሉ።

“ስደርስ እደውላለሁ” አላት።

“ደውል።”

ሌላ ሊል የፈለገ መሰላት። ረዳቱ “ግቡ፣ ግቡ፣ ሞልቷል” አለ፤ ገባ። ሲደርስ ደወለ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ኋላ ወር እየዘለለ ሆነ። ድምፁ ሁልጊዜ ደክሞት እንደተቀመጠ ሰው ድምፅ ነው፤ ከኋላው የሸክላ መንኳኳት ይሰማል።

ሀዲያ እህቷ አሚናት ሱቅ መዋል ጀመረች። ሱቁ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር ነው፤ መጋረጃና አልጋ ልብስ ይሸጥበታል። አሚናት ሥራ ወዳድ፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። እህቷ ጨርቅ እየለካች ዓይኗ መንገድ ላይ ሲቀር ስታይ “ያ ነገር አለቀ፣ ሀዲያ። አሁን እዚህ ነሽ” ትላት ነበር። ሀዲያም “አውቃለሁ” ትላለች።

የናፈቃት ደመወዙ አልነበረም። ያ ቢቀርም አልተራበችም። የናፈቃት፣ ሰው ለመጠየቅ ከመነሳቱ በፊት የሚያደርጋት ነገር ነች፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወይም ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ ከዚያ ትንሽ ዝምታ ይሆናል። በዚያች ዝምታ ውስጥ ግራዋን ዞር ስትል ውበቱ እስክሪብቶውን ከፍቶ ይጠብቃል። አሁን ሱቁ ውስጥ ግራዋን ስትዞር የሚታያት የተጠቀለለ ጨርቅ ነው። ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። ከዚያ ራሷን ታዝባ ወደ ልኬቷ ትመለሳለች።

ዓመቱ ዞሮ ጥቅምት ሲሆን፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ሱቁ በር ላይ ቆመች። ሀዲያ ወዲያው አወቀቻት።

“አገኘሁሽ” አለች ለተብርሃን። “ሐይቅ ሱቅ ውስጥ አለች ቢሉኝ ስጠይቅ ስጠይቅ ነው የመጣሁ።”

“እትዬ ለተብርሃን፣ ይግቡ። ይቀመጡ።”

“መቀመጡ ይቅር ልጄ፣ መኪናው ያመልጠኛል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ያን ጊዜ ምን ሆናችሁ ቀራችሁ?”

መልስ ሳትጠብቅ ለተብርሃን ቀጠለች፦ “ተሰብስበን ነበር። ሸህ ባድሩም ዱዓ አድርገው ነበር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅናችሁ። ኋላ መኪናው ገደል ገብቶባቸው ይሆን ብለን ሰጋን። አቶ ሽታውም አልመጡ፣ እናንተም አልመጣችሁ። ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። እኛም በቤተ ክርስቲያኑ፣ እነሱም በመስጊዱ ስለናንተ ስንጸልይ ነው የከረምነው።”

ሀዲያ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ይቀየሙናል፣ ውሸታሞች ይሉናል ብላ ነበር የምታስበው። እንዲህ ይጨነቁልናል የሚል ሐሳብ አንድ ቀን አልመጣላትም።

“ደህና ነን” አለች በመጨረሻ። “ውበቱም ደህና ነው፣ አዲስ አበባ ገብቷል። ሥራው ነው የተቋረጠ። ገንዘቡን ይልኩ የነበሩት አቆሙ። ቢሮውም ተዘጋ።”

“ተመስገን፣ እንኳን በሕይወት ሆናችሁ።” ለተብርሃን ትንሽ አሰበች። “ገንዘቡ ግን ለምን ለምን ነበር?”

“ለነዳጅ። ለመኪና። ለባለሥልጣኖቹ አበል፣ ለእኛ ደመወዝ። ለናንተም ለሻይ።”

“እህ። ሻዩ ቢቀር ግዴለንም። እንዲያው አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ ብትጠሪልን። እኛ ብንጠራቸው አይመጡም፤ ‘ማን ጠራን?’ ይላሉ። አንቺን ያውቁሻል።”

ያን ጊዜ አንድ ገዥ ገባ። ለተብርሃን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሀዲያ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘቻትና ወደ ሱቁ ተመለሰች።

አሥር ሰዓት ገደማ ለውበቱ ደወለች። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ጸለይንላችሁ ማለታቸውን ስትነግረው ከኋላው የነበረው የሸክላ ድምፅ ራቀ፤ ወደ ውጭ የወጣ መሰላት።

“ስንት ጊዜ አስቤው ነበር መሰለሽ” አለ። “ያችን ቅዳሜ። ሲጠብቁ ይታዩኝ ነበር።”

“ልሂድ?”

“የምትጠይቂኝ ሂጂ እንድልሽ ነው ወይስ አትሂጂ?”

“እኔ እንጃ። አብረህ እንድትመጣ ነው መሰለኝ።”

“አሁን መውጣት አልችልም። ሥራው አይለቀኝም” አለ። ቀስ ብሎ ደግሞ “አንቺ ግን ሂጂ” አላት።

አሚናት አልተደሰተችም። “ደመወዝ የለሽ፣ ቢሮ የለሽ። ማን ነኝ ብለሽ ነው የምትሄጂው?” አለች። ሀዲያ “የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ምርጫ አስተምሬያቸው ነበር” ብላ መለሰች። አሚናት ራሷን ነቀነቀችና ማክሰኞ ጧት የሱቁን ቁልፍ ራሷ ያዘች።

ሀዲያ አቶ ሽታውን ቢሯቸው አገኘቻቸው። ከድሮው ከስተዋል። ሻይ አዘዙላትና የመጣችበትን ሰምተው ወንበራቸው ላይ ተደገፉ።

“እውነቱን ልንገርሽ” አሉ። “ያን ጊዜ የምመጣው ደብዳቤ ሲመጣልኝ፣ አበል ሲቆረጥልኝ፣ መኪና በሬ ላይ ሲቆም ነው። አሁን ለመሥሪያ ቤቱ እንኳ ነዳጅ የለንም። በምን ልምጣ?”

“በምን እንደሚመጡ አላውቅም። እኔ በሚኒባስና በእግር ነው የምሄደው።”

“ብመጣስ? የምነግራቸው ደስ የሚል ነገር የለኝም።”

“ደስ የሚል ነገር ይንገሩን አላሉም። መልስ ነው ያሉት።”

አቶ ሽታው መስኮቱን አዩ። ከፊታቸው ያለውን ሻይ አልነኩትም። “ስብሰባውን ለቀበሌው ሊቀመንበር አሳውቂ፣ ያለ ፈቃድ እንዳይሆንብሽ” አሉ። እመጣለሁም፣ አልመጣምም አላሉም።

ሊቀመንበሩ ፈቀደ። ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ተቆረጠ። ሀዲያ በማለዳ ተነስታ በሚኒባስ ውጫሌ ወረደች፤ ከዚያ በእግሯ ሽቅብ ተያያዘችው። ማሽላው ታጭዶ አገዳው እየተከመረ ነበር። በዚህ መንገድ ሁልጊዜ በመኪና ነው ያለፈችው፤ የሚያውቃት ገበሬ ሁሉ “ዛሬ ብቻሽን ነሽ?” ይላታል። “ብቻዬን ነኝ” ትላለች። በተባለች ቁጥር ብቻዋን መሆኗ ደጋግሞ ተሰማት።

ከጤና ኬላው ፊት ያለው ሜዳ ላይ የተሰበሰበው ሰው ከድሮው ያነሰ ነው። ሻይና አበል የለም ተብሎ የቀረ አለ፤ አጨዳ ይዞት የቀረም አለ። ሸህ ባድሩ ግን ዱላቸውን ተደግፈው መጥተዋል፤ ለተብርሃንም ከፊት ተቀምጣለች፤ ጀርባዋ ላይ አንድ ሕፃን አዝላለች። ሸህ ባድሩ ዱዓ አደረጉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሚን አለ። ከዚያ ሀዲያ ተነስታ ይቅርታ ጠየቀች። ገንዘቡ ከየት ይመጣ እንደነበር፣ ለምን እንደቆመ፣ ለምን ሳይነገራቸው እንደቀረ ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

“ዛሬ አቶ ሽታው ይምጡ አይምጡ አላውቅም። አልዋሻችሁም” አለች።

“እንጠብቃለና” አሉ ሸህ ባድሩ። “መጠበቅ ነው የለመድን።”

ጠበቁ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሰው ወደ ጥላው ተጠጋ። አንዳንዱ ለአጨዳው ተነስቶ ሄደ። ሀዲያ መንገዱን ላለማየት ትጥራለች፣ ግን ታያለች። ውበቱ ቢኖር ኖሮ ይህን ሰዓት ሰዎቹን እያጫወተ ያሳልፈው ነበር፤ እሷ ጨዋታ አታውቅም። ዙሁር ሰላት ተሰግዶ ሰው ሲመለስ የሞተር ድምፅ ተሰማ። አቶ ሽታው ከአንድ ባለሞተር ኋላ ተፈናጠው፣ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ወረዱ፤ ልብሳቸውን አራገፉ፤ ማንም ሳይነግራቸው ሰው ፊት መጥተው ቆሙ።

“ዘግይቻለሁ” አሉ። “ዛሬም ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ዓመትም መምጣት ነበረብኝ። የሚጠራኝ ሲጠፋ ቀረሁ።”

ለተብርሃን ጥያቄዋን እንደ ድሮው ጠየቀች። “የሚከፍተው ሰው መቼ ነው የሚመጣው?”

“ዘንድሮ አይመጣም” አሉ አቶ ሽታው።

አቶ ሽታው ድምፃቸውን ሳያነሱ ቀጠሉ። “ለዚህ ጤና ኬላ ሁለት ባለሙያ ተመድቦ ነበር። ሁለቱም መንገዱን ፈርተው፣ ከተማ አቅራቢያ ያዛውሩን አሉኝ። አዛወርኳቸው። የፈረምኩት እኔ ነኝ። በምትካቸው እቀጥራለሁ ብዬ ነበር፤ በጀቱ ቀረ። ያን ጊዜ ‘መልሱን ይዤ እመጣለሁ’ ስላችሁም ይህን አውቅ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው።”

ከኋላ የተቀመጡ ወጣቶች ማጉረምረም ጀመሩ። ሀዲያ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው። ለተብርሃን ግን ተነሳች። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ተኝቷል።

“እኔም የምነግራችሁ አለኝ” አለች። “ልጄን ሰብለወንጌልን ምጥ የያዛት ያ ቀለም በተቀባ ሰሞን ነው። በቃሬዛ ተሸክመናት በዚህ በር ፊት አለፍን። ቀለሙ ገና ይሸት ነበር። በሩ ተቆልፏል። ልጁን መንገድ ላይ ተገላገለች። እሷ ግን ታች ሳንደርስ አረፈች። ልጁ ይኸውና።” ወደ ጀርባዋ በእጇ አመለከተች። “ያድኗት ነበር አልልም፤ ይህን እግዜር ነው የሚያውቅ። በሩ ክፍት ቢሆን ግን አሳርፈናት ነበር። ውሃ አጠጥተናት ነበር።”

አቶ ሽታው ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ይህን አላወቅኩም” አሉ። “ያን ጊዜ ሲጠይቁኝ አልነገሩኝም።”

“እንድታዝኑልኝ አልፈለግኩማ። መልስ ነበር የፈለግኩ። ዛሬ ስለመለሱልኝ ነው የነገርኳችሁ” አለችና ተቀመጠች።

ሀዲያ ወደ ግራዋ ዞረች። ማንም አልነበረም። እንባዋ መጣባትና መሬት መሬት አየች። የተባለውን የሚደግም ጠፍቶ ሳለ ሸህ ባድሩ ተነሱና አዛን በለመደ ድምፃቸው ለኋለኞቹ ቃል በቃል ደገሙላቸው፤ ጥያቄውን፣ መልሱን፣ የሰብለወንጌልንም ነገር። ከዚያ ወደ አቶ ሽታው ዞሩ። “እውነቱን ስለነገርከን አሏህ ይስጥህ። አሁን ደግሞ ምን ልታደርግልን ትችላለህ? የማትችለውን አትንገረን።”

ብዙ ተነጋገሩ። አቶ ሽታው ታች ካለው ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ልትመጣ እንደምትችል ተናገሩ፤ ግን መጓጓዣ የላትም። መንደሩ በቅሎ እሰጣለሁ አለ፤ ምሳዋንም ተረኛ ቤት ያበላል። የጤና ኬላው ቁልፍ ለተብርሃን ዘንድ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ሊበተኑ ሲሉ ከወጣቶቹ አንዱ “ምርጫ እየመጣ ነው አይደል? የሚወዳደሩትም እንደ አቶ ሽታው እዚህ መጥተው ይቁሙልን” አለ። ሰዉ ሁሉ “ይቁሙልን” አለ። ሀዲያ ለተወዳዳሪዎቹ ልታደርስ ቃል ገባች።

ማታውን ሐይቅ ገብታ ራቷን እንኳ ሳትበላ ለውበቱ ደወለች።

“መጣ?” አለ ገና ሳታወራ።

“በሞተር መጣ።”

“ቆመ?”

“እስከ መጨረሻው ቆመ።” ሁሉንም በየተራው ነገረችው። ሰብለወንጌል ጋ ስትደርስ ድምፁ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት “ውበቱ?” አለች።

“አለሁ” አለ። “መኖር ነበረብኝ ያን ጊዜ። እዚያ መሆን ነበረብኝ።”

ነርሷ የመጀመሪያው ማክሰኞ መጣች። በሚቀጥለው መንገድ ተዘግቶ ቀረች። ከዚያ ደግሞ መጣች። አንዳንዴ በቅሎዋ ትዘገያለች፣ አንዳንዴ መድኃኒት ያልቃል። ለተብርሃን ግን ማክሰኞ በመጣ ቁጥር በማለዳ በሩን ትከፍታለች፤ ነርሷ ብትመጣም ባትመጣም።

ለጥምቀት ውበቱ ወላጆቹን ሊጠይቅ መጣ። በዓሉ ባለፈ ሐይቅ ከተማ ወርዶ ሀዲያን ከሱቁ ጠራት። እናቱ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የተሳሉት ጧፍ ነበረ፤ እንዲያደርስ ልከውታል። አብራው በእግሯ ሄደች። መንገዱ በሐይቁ ዳር ዳር ነው፤ ውሃው ረግቶ ነበር፤ ታንኳ ላይ የቆመ ሰው መረብ ይስባል። ወደ ገዳሙ የሚወስደው ልሳነ ምድር ጫፍ ሲደርሱ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ሴት አይገባም።

“አልዘገይም” አላት።

“ቅዳሴ እንኳ ቢሆን እጠብቅሃለሁ።”

ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ወፎች ሸምበቆው ውስጥ ይንጫጫሉ። ይህን ሰው የቱንም ያህል ብትከተለው የማትገባበት ቦታ እንዳለ፣ እሱም የማይገባባት ቦታ እንዳላት ድሮም ታውቀው ነበር። አሁን ግን እዚህ ቁጭ ብላ ስታስበው አላስመረራትም፤ ናፍቆቷ ብቻ በረታባት። ገና ሳይሄድ የናፈቃት ያህል ነበር።

ሲመለስ አጠገቧ ተቀመጠ።

“ምን ብለህ ጸለይክ?”

“የእናቴን ስለት አደረስኩ።”

“የራስህንስ?”

“የራሴን ሳልጠይቅ ወጣሁ” አለ። ጠጠር አንስቶ በጣቶቹ መካከል አሸው። “ሀዲያ፣ እኔ ካንቺ ሌላ ሰው አስቤ አላውቅም። ሃይማኖቴን ግን አልተውም። አንቺንም ተይ አልልሽም።”

“እኔም እንደዚያው ነኝ። ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ጠበቅኩ መሰለህ።”

“ይሄ ምን ያደርግልሻል?”

“ማወቄ። አውቄው መናፈቅ ይሻለኛል።”

ውበቱ አፉን በእጁ ሸፈነ። መሳቁ አልነበረም። ፀሐይ ልትጠልቅ እስክትቃረብ ድረስ ተቀምጠው ዋሉ። ሲመለሱ ዝግ ብለው ነው የሄዱት፤ እንደ ድሮው ስለ ሰዎች እያወሩ። እሱ የቀጨሞን ሰው አንድ በአንድ ጠየቃት፤ እሷም አንድ በአንድ ነገረችው። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ።

ውበቱ አሁንም እዚያው ነው። የቀጨሞ መድረክ ወር እየቆየ ይጠራል። ከተጠሩት ተወዳዳሪዎች አንዱ እሺ ብሎ መጥቷል፤ አንዱ ሰበብ እየሰጠ ነው፤ ሌላው መልስ አልላከም። አርዲቦ ዳር ያሉ መንደሮችም “እኛስ ጋ መቼ ነው?” ብለው ለሀዲያ ሰው ልከውባታል። ትናንት አሚናት ጨርቅ እየቆረጠች “ታዲያ ቅዳሜ የት ነሽ?” አለቻት።

“አርዲቦ” አለች ሀዲያ።

አሚናት መቀሱን አስቀመጠችና “እኔም ልምጣ እስቲ” አለች።